ከመርከቧ ሥር

ማክሰኞ፣ ማርች 5

የመዝናኛ ፓርካችን የጸደይ ሥራውን ጀመረ። ጠዋት እኔ የማስነሳትን የዥዋዥዌ መርከብ ወንበሮች በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። አርባ ወንበር… ወገቤ!

ከዴጉ ከተማ የሁለተኛ ክፍል ልጆች መጥተው ነበር። አስተማሪያቸው ከሁሉም በላይ ጮኸች። ሁሉም ጫፍ ላይ ካልተቀመጥን አሉ። ስትወዛወዝ ሰማይ የሚነካው ጫፉ ነዋ! መሃል የተቀመጠ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ፈሪ ሲባል ይከርማል።

አዲሱ መካኒክ ታክ ፒልሆ ዛሬም ሰላምታዬን በአንገቱ መለሰ። ክረምት ላይ ነው የተቀጠረው። ከዚያ በፊት መርከብ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር አሉ። የእውነት መርከብ።

"ታዲያ የኛዋን አሻንጉሊት ብሎ ምን ሊሠራ መጣ?" አለች ኦክቡን። ከፊት ለፊቴ የዓሣ ሊጥ በስንጥር ሰክታ የምትሸጠው ናት። ወሬም ትሸጣለች።

እውነትስ… ምን ሊሠራ መጣ?

ቅዳሜ፣ ማርች 9

መርከቧ ቆመች። ከሰዓት በኋላ፣ ጢም ብላ ሞልታ ሳለ። እኔ ምንም አልነካሁም። የማስነሻ ሰሌዳዬ መብራቶች ድርግም አሉ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። እየቀነሰች፣ እየቀነሰች መጥታ መሃል ላይ ቆመች። የደነገጠ ሰው እንኳ የለም።

ታክ ከየት እንደመጣ ሳላይ ከጎኔ ቆሟል። "መብራት ነው" አለ። አስተካከለ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በገመድ ዘጋ። "ወንበሮቹ ይጠገናሉ።"

ምን ሆነው? በእጄ የወለወልኳቸው ወንበሮች!

ሐሙስ፣ ማርች 14

ሥራ አስኪያጃችን ባንግ መጥቶ ገመዱን አስፈታው። "ሰው ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ነው የሚመጣው" ብሎ ታክን ሰው ፊት ተቆጣው። ታክ ዓይኑን መርከቧን ከተሸከማት የብረት እግር ላይ አልነቀለም።

ኦክቡን ደግሞ አዲስ ወሬ ይዛ መጣች። አንድ ኩባንያ የፓርኩን መሬት ይፈልገዋል አሉ። ሃያ አምስት ፎቅ አፓርታማ። "ፓርኩ መጥፎ ስም ካወጣ በርካሽ ያገኙታል፣ እትዬ። ውስጥ ሰው አስገብተው ይሆናል።"

"ማንን?"

በአገጯ ወደ መርከቧ ሥር ጠቆመችኝ።

እሁድ፣ ማርች 17

ትናንት እንደገና ቆመች። ገመዱ ከተፈታ ሁለት ቀን አልሞላውም።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ከመድረኩ ሥር ኳ… ኳ… የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ታክ በትንሽ መዶሻ የመርከቧን እግር እየመታ ጆሮውን አስደግፎ ያዳምጣል። ሲያየኝ አንድ ነገር ኪሱ ከተተ።

"ምን ጠፋብዎት?" አልኩት።

"ምንም።"

የሚደበቅ ነገር ከሌለ ምን ያስደብቃል?

ረቡዕ፣ ማርች 20

ባንግ ቢሮው ጠራኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛዬ ነው። ወንበር ሳበልኝ። የገብስ ሻይ በራሱ እጅ ቀዳልኝ።

"ወይዘሮ ማልሱክ፣ እዚህ ግቢ ከእርስዎ በላይ የማምነው የለም። መርከቧን የሚያቆማት ሰው ነው። ማን እንደሆነ እርስዎም ሳይገምቱ አይቀሩም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እሱ የት እንደነበረ ይጻፉልኝ። የስድሳ ሠራተኛ እንጀራ ነው።"

"መጻፍስ እጽፋለሁ" አልኩት።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ደብተሬ ሥራ አገኘ።

ባሌ ዱሺክ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው በረንዳ ላይ ቃሪያ ማብቀል ነው። "ሰላይ ነው ያገባሁት በሉኛ!"

"ዝም ብለህ ቃሪያህን አጠጣ።"

ሰኞ፣ ማርች 25

የዕረፍት ቀኔ። ሰሙን የሚባለው ገበያ ሄድኩ። ኑድል ልበላ ቁጭ ከማለቴ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ታክን! ጥጉ ላይ፣ ሙሉ ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር። ሳህኔን ይዤ ጀርባዬን ሰጠሁ።

ታክ ከጃኬቱ ወፍራም ፖስታ አውጥቶ ሰጠው። ሰውየው ከፈት አድርጎ አየና ከንፈሩን ነከሰ። ከንግግራቸው የሰማሁት "ከበዓሉ በፊት" የሚለውን ብቻ ነው።

ከበዓሉ በፊት ምን? ሜይ 5 የልጆች ቀን ነው። የዓመቱ ትልቁ ቀናችን። የዴጉ ልጅ በሙሉ ወደኛ የሚጎርፍበት…

ግን የተገዛ ሰው ፖስታ ይቀበላል እንጂ ይሰጣል? የፓርኩ ፕላን ይሆናላ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ኑድሉን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ሁሉንም ጻፍኩ። ለባንግ ነገርኩት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 5

አራተኛ ጊዜ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ታክ ከሥር ነበር። ጻፍኩ።

ዛሬ የደሞዝ ወረፋ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። "ይቅደሙ" አለኝ። ሰው የሚያታልል ሰው ትሁት ነው፣ እናቴ ትል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13

ያዝኩት!

የቼሪ አበባ ሊያይ የወጣ ሕዝብ ሁሉ ማለፊያው እኛ ጋ ነው። መርከቧ ከጠዋት ጀምሮ ጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ። ወረፋውን የማይበትን ክብ መስታወት ጠዋት ትንሽ አዞርኩት። ማንም ልብ አላለም። ከመድረኩ ሥር ያለው የመብራት ሳጥን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ዘጠኝ ከሃያ። ታክ እንደ እንቁራሪት ቁጢጥ ብሎ እጁን መርከቧ እግር ላይ አድርጓል። ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። መርከቧ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል። ከዚያ ብድግ አለ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ማብሪያውን ጎተተ። ቆመች፤ ስድስተኛ ጊዜ።

በዓይኔ አየሁ። አሁንስ መብራት ነው ይበለኝ!

እሁድ፣ ኤፕሪል 14

ለባንግ ነገርኩ። ያየሁትን በወረቀት ጻፍኩለት፣ ፈረምኩ።

አልገረመውም። እሺ ብሎ አጣጥፎ መሳቢያው ከተተው። ትንሽ ከነከነኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ "እንዴ!" አይልም?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16

ታክ ተባረረ። የመሣሪያ ቦርሳውን ተሸክሞ በፊቴ አለፈ። ይሰድበኛል ብዬ ወንበሬን ወደኋላ ሳብኩ። ቆመ።

"ወይዘሮ ማልሱክ፣ ጠዋት ሰው ሳይሳፈር ባዶዋን ሲያወዛውዟት ጆሮዎን ይስጧት።"

"ምን ልሰማ?"

"ሲሰሙ ያውቁታል።"

ማስፈራራቱ ነው? ምን ቀብሮባት ሄደ?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 24

ስምንት ቀን። አንዴም አልቆመችም። አንዴም! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ባንግ አንድ ካርቶን ከሶንግጁ የመጣ ቢጫ ሐብሐብ ላከልኝ። ለመርከቧም አንድ ሠራተኛ ልኮ ሰማያዊ ቀለም አስቀባት። ዱሺክ ሦስት ሐብሐብ ጨረሰ። "ስለላ ይጣፍጣል" ይላል።

እኔ ግን አልበላሁም።

እሁድ፣ ኤፕሪል 28

ጠዋት ባዶዋን ሳወዛውዛት ሲጥጥ… የሚል ነገር ሰማሁ። ጠባብ ክዳን ያለው የኪምቺ ጎመን ማሰሮ ሲከፈት እንደሚለው። ስትወጣ ብቻ። ስትመለስ የለም።

ኦክቡንን ጠርቼ አሰማኋት።

"እርጅና ነዋ፣ እትዬ! የአንቺስ ጉልበት አይጮህም?"

ሳቅን። ቀኑን ሙሉ ግን በጩኸቱ መሃል ያን ድምፅ ስፈልግ ዋልኩ። ወፍ ይሆን? ወይስ እሱ ስለነገረኝ ነው የሰማሁት?

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

የዕረፍት ቀኔ። ከቤት አልወጣሁም። በረንዳ ቁጭ ብዬ ደብተሬን ከማርች ጀምሮ አነበብኩት።

መርከቧ ስድስት ጊዜ ቆማለች። ስድስቱም ጊዜ ሁለቱ ጫፎች ሞልተው ነበር። ጫፉ በገመድ የተዘጋ ጊዜ አንድም ቀን አልቆመችም። ባንግ ባስፈታው በማግስቱ ማግስት ቆመች። ሁሉንም በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ!

ደግሞ… ስም ማጥፋት የፈለገ ሰው ለምን ድንገት አያቆማትም? ለምን ሰው አየር ላይ አይሰቅልም? ስድስት ጊዜ ቆማ አንድ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም።

ያየሁትን ጽፌአለሁ። ግን ምን ነበር ያየሁት?

ለዱሺክ አነበብኩለት። የውሃ ማጠጫውን አስቀመጠ።

"ሠላሳ ዓመት ስነዳ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የሰደበኝ ተሳፋሪ ስፍር ቁጥር የለውም" አለ። "ለምን ያዝክ ብሎ የጠየቀኝ ግን አላስታውስም።"

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30

ዝናብ። መርከቧ በዝናብ አትሠራም። ከሥር ገባሁ።

እግሮቿ አራት ናቸው። ባንግ መርከቧን አስቀባት ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። የተቀባው አንድ እግር ብቻ ነው። ታክ ሲደገፈው የነበረው። ሦስቱ እንደዛጉ አሉ።

በጣቴ ዳበስኩት። ብየዳው አጠገብ፣ ከቀለሙ ሥር፣ በሚስማር የተጫሩ ትናንሽ መስመሮች አሉ። ከእያንዳንዳቸው ጎን ቁጥር። 2–20… 3–8… 3–16… የመጨረሻው 4–15። ቀኖች ናቸው። ያን ቀን ኪሱ የከተተው ሚስማሩን መሆን አለበት። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በእጄ ለካሁት፤ ሙሉ አንድ ስንዝር። ታክ ስንጥቁን ሲያድግ እየለካው ነበር።

ቀለሙን ቧጨርኩት። ጥፍሬ ገባ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ሜይ 1

ሳላንኳኳ ባንግ ቢሮ ገባሁ።

"እግሯ ተሰንጥቋል።"

"ይቀመጡ።"

"ያውቃሉ ማለት ነው።"

"ከልጆች ቀን በኋላ ትበየዳለች። ሰው ተቀጥሮላታል። አራት ቀን ነው፣ ወይዘሮ ማልሱክ! ክረምቱን በሙሉ የቻለች መርከብ አራት ቀን አትችልም?"

"ቀለሙስ?"

"ዝገት ነበር።"

"ታክ ነግሮዎት ነበር?"

በእስክሪብቶው ሲጫወት ቆየ። "እርስዎ ፈርመው ያባረሩትን ሰው ዛሬ ምስክር ሊያደርጉት ነው? ወረቀቱ እኮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።"

ሐብሐቡ ለዚህ ኖሯል።

እስከ ቅዳሜ ጫፉ በገመድ ይዘጋ፣ እሁድ ግን ይከፈታል አለኝ። እሺ አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ። ወጥቼ ግማሽ ግማሽ እየጫንኩ አወዛወዝኳት። እዚህ ደብተር ላይ የሌላ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም የሚጻፈው።

ሐሙስ፣ ሜይ 2

ለታክ ደወልኩ። ስሜን ነገርኩት።

"አየሁት" አልኩ። "መስመሮቹን።"

"አሁንም እየሠራች ነው?"

"ጫፉ ተዘግቷል።"

"እየሠራች ነው ወይ ነው ያልኩዎት።"

"አዎ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ፖስታው የስንጥቁ ፎቶዎች ነበሩ። ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰው የደህንነት መርማሪ ነው። ከበዓሉ በፊት ይምጡልን ብሎ ለምኖት ነበር፤ ተራው የደረሰው ለሜይ 8 ነው። ባንግ ደግሞ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ያውቃል።

"ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?"

"ማስታወሻ ስትይዙ አየሁ። ለማን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የባንግ ጆሮ ለሆነ ሰው ነግሬ ምን አተርፋለሁ? በማግስቱ ሊያስወጣኝ። ከወጣሁ ደግሞ ማን ያቆማታል?"

"አሁን ምን ላድርግ?"

"እኔ ከሥር ተደብቄ ነበር የማቆማት። እርስዎ ከላይ ነዎት፣ ቁልፉ በእጅዎ ነው" ብሎ ዘጋው።

ዓርብና ቅዳሜ ነፋስ አለ ብዬ መርከቧን አላስነሳትም። የፈለገው ይምጣ።

ሰኞ፣ ሜይ 6

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ ልጻፈው።

የልጆች ቀን። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን። ነፋስ የሚባል የለም፣ ሰበብም የለም። በሦስት ሰዓት ወረፋው ኦክቡን ሱቅ ደርሷል። ገመዱን አልፈታሁም። ቁልፉንም ሰሌዳው ላይ አልሰካሁም። ማይኩን አንስቼ "ዛሬ መርከቧ አትሠራም" አልኩ።

ኧረ የጩኸቱ! "ከጠዋት ጀምሮ ቆመን?" "አሮጊቷ ምን ነካት?" አንዲት እናት ፊቴ ላይ ጣቷን ቀሰረች። "ልጄን እርስዎ ያባብሉልኛል?"

ባንግ እየሮጠ መጣ። ፈገግ ብሏል፤ ለሰው ፊት። በጆሮዬ ግን፣ "ቁልፉን ያምጡ። ዕድሜ ልክዎን ሥራ አያገኙም" አለኝ።

ማይኩ አልተዘጋም። ረስቼው ይሁን አውቄ፣ አሁንም አላውቅም። ሕዝቡ ሁሉ ሰማው።

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። "እሺ" አልኩ። "አስነሳታለሁ። መጀመሪያ እርስዎ ይሳፈሩ። ጫፍ ላይ።"

"ቀልድ አይደለም፣ ወይዘሮ ማልሱክ።"

"እኔም አልቀለድኩም። አስተማማኝ ናት ብለውኛል። ይቀመጡና ሰው ይይዎት። አንድ ዙር ብቻ።"

ባንግ መርከቧን አየ። እኔን አየ። ወረፋውን አየ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ… ቢወጣስ? ቢወጣ አስነሳት ነበር? አላስነሳትም። ግን እሱ ይህን አያውቅም።

እግሩን መለሰ።

ከወረፋው አንዲት ባልቴት የልጅ ልጇን እጅ ያዘች። "ና ልጄ" አለች፣ "በሚሽከረከሩት ፈረሶች እንዙር።" እሷ ወጣች። ከኋላዋ ሌላው። ማንም አልጮኸም። ያቺ ጣቷን የቀሰረችብኝ እናት ልጇን አቅፋ በፊቴ ስታልፍ አንገቷን ሰበር አደረገች።

ባንግ እዚያው አሰናበተኝ። ቁልፉን ግን አልሰጠሁትም። የቢሮው መለዋወጫ ቁልፍ አለ፤ የሚያስነሳ ሰው ግን አላገኘም። ከትኬት ቢሮ እስከ ፈረሶቹ ያሉት ሠራተኞች ሁሉም "አልችልበትም" አሉት። ኦክቡን እንኳ ስትጠየቅ "እኔ ዓሣ ነው የማውቀው" አለችው አሉ።

ዱሺክ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አልቀለደም። ጫማዬን ከእግሬ አወለቀልኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

መርማሪው ትናንት መጣ። ኦክቡን ደውላ ነገረችኝ። ቀለሙን ቀርፎ ሲያበቃ ወዲያው ቀይ ወረቀት ለጠፈ። ከብረቱ ጤነኛ የቀረው ሲሶው ነው። አርባ ሰው ሙሉ ተጭኖ…

አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ጁን 12

ፖሃንግ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሄጄ መጣሁ።

ታክ አሁን እዚያ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ይጠግናል። ወደ ፓርኩ ተመለስ ብለውት ነበር፤ ባንግ ከቦታው ከተነሳ በኋላ። እንቢ አለ። እኔን የጠራኝ የለም። መርከቧ ተነቅላ በመኪና ተጭናለች አሉ። አላየኋትም። ለሥራ ጉዳይ ቢሮ፣ ለባንግ የፈረምኩት ወረቀት ስህተት ነበር፣ ያ ሰው ጥፋት የለበትም ብዬ አዲስ ጽፌ ፈርሜአለሁ። ግልባጩን በእጄ ይዤለት ሄድኩ።

አነበበው። እጁ ላይ ግራሶ ነበር፣ ወረቀቱን በጫፍ በጫፉ ያዘው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት። አውቶቡስ ላይ ስለማመድ የመጣሁት ረጅም ነገር ነበር፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

"አልተቀየምኩም አልልዎትም" አለ። "ሚስቴ ሁለት ወር ሙሉ ከጎረቤት አፍ ሸሽታለች። ሌባ ነው ተብሎ የተባረረ ሰው ሚስት ተብላ።"

"ሌባ አላልኩም እኮ።"

"እርስዎ አላሉም። ሰው ራሱ ይሞላዋል።"

እውነቱን ነው።

ከዚያ ጠየቀኝ። የፈራሁት ጥያቄ። "ግን ለምን እኔ? ሳጥኑን ስነካ ያዩኝ ኋላ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው በጎሪጥ ሲያዩኝ የነበሩት። ምን አድርጌ?"

አሰብኩ። ፖስታው አልነበረም። ወሬውም አልነበረም። ሁሉም በኋላ የመጡ ናቸው።

"ከእኛ ጋር ስለማይስቁ" አልኩት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። "ሁላችን ስንስቅ አፍዎን ገጥመው ይቆማሉ። የናቁን መስሎኝ…"

ታክ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ከንፈሩን ገለጥ አደረገው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ሁለቱም የሉም።

"የመርከብ ፋብሪካ ሰንሰለት መትቶኝ ነው" አለ። "ስድስት ዓመት ሆነው። ማስተከል እፈራለሁ። መርፌ እፈራለሁ።"

አፌን በእጄ ያዝኩ። ለሳቅ ይሁን ለለቅሶ አላውቅም። ሁለቱም አልመጡም።

ሚስቱ ከቤት ወጥታ ከርቀት ቆማ አየችን። ማን እንደሆንኩ አውቃለች። አልቀረበችም። መቼስ መሄድ ነበረብኝ… ጫማዬ አሸዋው ውስጥ እየሰጠመ ወደ እሷ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ ስሜን ተናገርኩ።